«ክፈለው» እና «ጣለው»፦ ሁለቱም የሚያዋጡት ለኩባንያው ነው

እንግሊዝ አገር መኪና የሚነዳ ሐበሻ ሁሉ የሚያውቀው አንድ ደብዳቤ አለ። ውስጡ የመኪናችሁ ፎቶ አለ። ታርጋችሁ በትልቁ ተነሥቷል። የገባችሁበትና የወጣችሁበት ሰዓት ተጽፏል። ከሥሩ «100 ፓውንድ» ይላል፤ በ14 ቀን ውስጥ ከከፈላችሁ ደግሞ 60። ደብዳቤውን የጻፈው ካውንስል አይደለም። ፖሊስም ፍርድ ቤትም አይደለም። የሱፐርማርኬቱን፣ የጂሙን ወይም የአፓርታማውን ግቢ የሚጠብቅ አንድ የግል የፓርኪንግ ኩባንያ ነው።

ይህ ደብዳቤ ሲመጣ በእኛ ሰው ዘንድ ሁለት ምክሮች ይሰጣሉ። አንደኛው «ክፈለውና ተገላገል» ነው። ይህን የሚሉት አብዛኛውን ጊዜ ፈሪዎች ሳይሆኑ የደከሙ ሰዎች ናቸው፤ ሌሊት ሠርተው ጠዋት ልጅ የሚያደርሱ፣ ከእንግሊዝኛ ደብዳቤ ጋር ለመታገል ጊዜ የሌላቸው። ሁለተኛው «ቀደህ ጣለው፣ ምንም አያመጡም» ነው። ይህን የሚሉት ደግሞ አገሩን ቀድመው ያወቁት፣ «እኔ ስንቱን ጥያለሁ» የሚሉት ናቸው።

የእኔ ክርክር ሁለቱም ምክሮች የኩባንያው የገቢ ምንጭ ናቸው የሚል ነው። የፈራው ዛሬ 60 ይከፍላል። የናቀው ከዓመት በኋላ የዚያን ብዙ እጥፍ ይከፍላል። ኩባንያው የማይወደው አንድ ዓይነት ሰው ብቻ ነው፦ በቀኑ፣ በጽሑፍ፣ ማስረጃ ይዞ መልስ የሚሰጥ።

(የምናገረው ስለ እንግሊዝና ዌልስ ሕግ ነው፤ ስኮትላንድና ሰሜን አየርላንድ ይለያሉ። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

🔹 መጀመሪያ ደብዳቤውን በስሙ እንጥራው

የካውንስል ቅጣትም የግል ኩባንያ ደብዳቤም በአጭሩ «ፒሲኤን» ይባላሉ። ይህ ግራ መጋባት ለኩባንያዎቹ ሲሳይ ነው። የካውንስሉ «ፔናልቲ ቻርጅ ኖቲስ» ነው፤ ፔናልቲ ማለት ቅጣት ነው፣ ከኋላውም ሕግ አለ። የኩባንያው «ፓርኪንግ ቻርጅ ኖቲስ» ነው፤ ይህ ቅጣት ሳይሆን የገንዘብ ጥያቄ ነው። «ግቢው ውስጥ ማስታወቂያ ለጥፌ ነበር፤ መኪናህን ስታቆም በማስታወቂያው ተስማምተሃል፤ ያንን ውል አፍርሰሃልና ይህን ያህል ክፈለኝ» ማለት ነው።

ስለዚህ ወንጀል የለበትም። መንጃ ፈቃዳችሁ ላይ ነጥብ አይመዘገብም። ኩባንያው ገንዘቡን በግድ ማግኘት ከፈለገ እንደ ማንኛውም ባለዕዳ አለኝ ባይ ፍርድ ቤት ሄዶ ከስሶ ማሸነፍ አለበት።

አደራ፣ ከዚህ በታች የምለውን ለካውንስል ቅጣት አታውሉት። የእርሱ መንገድ ሌላ ነው፤ በ14 ቀን ውስጥ ሲከፈል በግማሽ ይቀንሳል፣ የራሱ የይግባኝ ጉባኤ አለው፣ ዝም ከተባለም ዕዳ አስፈጻሚ በር ላይ እስከ ማምጣት ይደርሳል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ የደብዳቤውን ራስጌ ማንበብና «የጻፈልኝ ማን ነው?» ብሎ መጠየቅ ነው።

🔹 «ጣለው» ከየት መጣ?

ይህ ምክር በአንድ ወቅት መሠረት ነበረው። እስከ 2012 ድረስ የግል ኩባንያ ገንዘብ መጠየቅ የሚችለው መኪናውን ያቆመውን ሾፌር ብቻ ነበር። ሾፌሩ ማን እንደሆነ ደግሞ አያውቅም። የሚያውቀው መኪናው በማን ስም እንደተመዘገበ ነው። ደብዳቤውን የጣለ ሰው «ሾፌሩ እርሱ መሆኑን አረጋግጡ» የሚለው ሳይነገር ይከራከርለት ነበር። ስለዚህ ኩባንያዎቹ ሌላ መንገድ ይጠቀሙ ነበር፤ የመኪናውን ጎማ በብረት ይቆልፉ ነበር።

እ.አ.አ. ጥቅምት 1 ቀን 2012 «ፕሮቴክሽን ኦፍ ፍሪደምስ አክት» የሚባለው ሕግ በሥራ ላይ ዋለ። በግል መሬት ላይ ጎማ መቆለፍን ከለከለ። በምትኩ ግን ለኩባንያዎቹ ትልቅ ስጦታ ሰጣቸው፤ ሾፌሩ ካልታወቀ፣ ኩባንያውም የሕጉን ሥርዓት ጠብቆ ከሄደ፣ መኪናው የተመዘገበበትን ሰው መጠየቅ ይችላል አለ። ብረቱ ከጎማው ወርዶ ወደ ሊብሬው ዞረ ማለት ነው።

ሦስት ዓመት ቆይቶ ሁለተኛው ምሽግ ፈረሰ። ቼልምስፎርድ ውስጥ ባለ የገበያ ግቢ 2 ሰዓት በነፃ ማቆም ይቻል ነበር። አንድ ሰው ለ56 ደቂቃ ያህል አሳለፈ፤ 85 ፓውንድ ተጠየቀ። «ይህ ከጉዳቱ ጋር የማይመጣጠን ቅጣት ነው፤ ውል ደግሞ ቅጣት ሊጥል አይችልም» ብሎ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተከራከረ። ፓርኪንግአይ ከቢቪስ ጋር የተባለው ይህ ክርክር በኅዳር 2015 ለኩባንያው ተፈረደ። ፍርድ ቤቱ የግቢው ባለቤት ቦታው እንዲዘዋወር የሚፈልግበት በቂ ምክንያት አለው፣ ገንዘቡም ከመጠን ያለፈ አይደለም አለ። ማስታወቂያዎቹ ትልልቅ፣ ግልጽና የሚነበቡ መሆናቸውንም ከግምት አስገብቷል። ይህችን ነጥብ ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

እንግዲህ «ጣለው» የሚሉን ወንድሞች የሚመክሩን በሞተ ሕግ ነው። ሕጉ ከተለወጠ ከ10 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ምክሩ ግን በየሠርጉና በየቡናው እንደ አዲስ ይነገራል። እነርሱ ጥለው ምንም ያልደረሰባቸው ኩባንያው ስላልከሰሰ ነው እንጂ መክሰስ ስለማይችል አይደለም። የይርጋው ጊዜ 6 ዓመት ነው። በአምስተኛው ዓመት መጥሪያ የሚልክ ኩባንያ ሕግ አልጣሰም።

🔹 «ክፈለው» የሚያስከፍለን ስንት ነው?

ወደ ከፋዮቹ ልምጣ። «መንግሥት ባይኖርበት ኖሮ አድራሻዬን ከየት አመጡት?» ይላሉ። ጥያቄው ትክክል ነው። የመንጃ ፈቃድና የመኪና ምዝገባ መሥሪያ ቤቱ ዲቪኤልኤ ከሁለቱ የፓርኪንግ ኩባንያዎች ማኅበራት በአንዱ አባል ለሆነ ኩባንያ የተመዝጋቢውን ስምና አድራሻ ይሰጣል። ዋጋው ለአንድ መኪና 2.50 ፓውንድ ነው። መሥሪያ ቤቱ «ወጪዬን ለመሸፈን ነው» ይላል። በዓመት ከ10 ሚሊዮን በላይ እንዲህ ያለ ጥያቄ ይቀርብለታል። ስለዚህ አድራሻችሁ በእጃቸው መኖሩ የመንግሥት ክንድ መሆናቸውን አያሳይም። 2.50 መክፈላቸውን ብቻ ነው የሚያሳየው።

ሒሳቡን ደግሞ ከኩባንያው ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ ሥሩት። አድራሻ 2.50፣ ቴምብርና ወረቀት ጥቂት ሳንቲም፣ ካሜራው ሠራተኛ አይፈልግም። የሚላከው ደብዳቤ ትክክል ይሁን ስሕተት፣ ተቀባዩ ሳይጠይቅ 60 ከከፈለ የተጣራ ገቢ ነው። ታዲያ ኩባንያው ደብዳቤውን ከመላኩ በፊት በጥንቃቄ የሚያጣራበት ምን ምክንያት አለው? ማጣራት ወጪ ነው፣ መላክ ገቢ ነው። ሳትጠይቁ በከፈላችሁ ቁጥር የምትገዙት ዕረፍት ሳይሆን የሚቀጥለውን ደብዳቤ ነው፤ ለእናንተ ካልሆነም ለጎረቤታችሁ።

የፍርሃታችን ሥር ደግሞ ከአገር ቤት የመጣ ይመስለኛል። ማኅተም ያለበት ወረቀት ሲመጣ «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለው ከውስጣችን ይነሣል። አዲስ አበባ ላይ ፓርኪንግ የሚያስከፍለው ልጅ ፊታችን ይቆማል፤ «ወንድሜ፣ አሁን እኮ ነው የቆምኩት» ብለን እንከራከረዋለን፣ ይስቃል፣ እንስቃለን፣ እንስማማለን። እዚህ ፊት የለም፤ ካሜራና ደብዳቤ ነው። ፊት ለፊት ለ20 ብር ግማሽ ሰዓት የሚሟገት ሰው ለ100 ፓውንድ ደብዳቤ ዝም ይላል።

ግን እኮ እኛ «በላ ልበልሃ» ያለ ሕዝብ ነን። አያቶቻችን በዛፍ ጥላ ሥር ዳኛ አስቀምጠው፣ በቅሎ ተወራርደው፣ «ተጠየቅ!» እያሉ ለአንድ ጥማድ መሬት ዓመት ይሟገቱ ነበር። የተጣሉ ሰዎች «በሕግ አምላክ!» ሲባሉ ይቆሙ ነበር። የሙግት ባህል አልጎደለንም። የጎደለን ሙግቱ እዚህ አገር በቃል ሳይሆን በጽሑፍና በቀን ገደብ መሆኑን መቀበል ነው።

🔹 ደብዳቤው ሁሉ ትክክል አይደለም

ማን ነው የሚያዘው? ቦታ ዘግቶ ቀኑን ሙሉ የሚያቆም አጥፊ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር። በየማኅበረሰባችን የምንሰማው ግን ሌላ ነው።

ለቅሶ ቤት የሄደ ሰው ለቅሶው ባለበት አፓርታማ ግቢ ያቆማል፤ የእንግዳ ፈቃድ ወረቀት እንደሚያስፈልግ የነገረው የለም። ምግብ ቤት የገባ ሰው መግቢያው ላይ ባለች ታብሌት ታርጋውን ማስገባት ነበረበት፤ አላያትም፣ አስተናጋጁም አላስታወሰውም። ሌላው በመተግበሪያ ከፍሏል፤ ግን ዜሮን በ«ኦ» ፊደል ለውጦ ጽፏል። ጠዋት ልጁን ጂም አድርሶ ማታ ሊወስደው የተመለሰ አባት ደግሞ ካሜራው የጠዋቱን መውጫና የማታውን መግቢያ ስለሳተ «9 ሰዓት ሙሉ ቆመሃል» ይባላል።

በ2024 መጨረሻ በደርቢ ከተማ የሆነው በጋዜጦች ብዙ ተወርቷል። አንዲት ሴት በምታቆምበት ቦታ የስልክ ኔትወርክ ስለማይሠራ ለመክፈል ከ5 ደቂቃ በላይ ይፈጅባት ነበር። ክፍያውን ግን ከፍላለች። ኩባንያው በዚህ ምክንያት በተደጋጋሚ ደብዳቤ ልኮባት በመጨረሻ ወደ 2,000 ፓውንድ የሚጠጋ ገንዘብ ጠየቃት። አልከፈለችም፤ አልጣለችውምም። ተናገረች፣ ተከራከረች። ኩባንያው ጥያቄውን ተወ፤ የኩባንያዎቹ ማኅበራትም በየካቲት 2025 ያንን የ5 ደቂቃ ደንብ ለማሻሻል ተገደዱ። «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ማለት ይህ ነው። እርሷ ብትከፍል ኖሮ ደንቡ ዛሬም ነበረ።

🔹 ሙግቱ እንዲህ ነው

1️⃣ ወደ ግቢው ባለቤት ሂዱ። ሱፐርማርኬት፣ ምግብ ቤት፣ ክሊኒክ ከሆነ ደረሰኛችሁን ይዛችሁ ማናጀሩን አነጋግሩ። ኩባንያውን የቀጠረው እርሱ ነው፤ ደንበኛው መሆናችሁን ካየ ብዙ ጊዜ ሊያሰርዘው ይችላል። ከሁሉም አጭሩ መንገድ ይህ ሆኖ ሳለ ከሁሉም የሚረሳው እርሱ ነው።

2️⃣ ቀኖቹን ቁጠሩ። መኪናው መስታወት ላይ ምንም ሳይለጠፍ በካሜራ ብቻ የተያዘ ከሆነ ደብዳቤው ለተመዝጋቢው መድረስ ያለበት ካቆማችሁበት ማግስት ጀምሮ በ14 ቀን ውስጥ ነው። ከዘገየ ኩባንያው በ2012ቱ ሕግ ተመዝጋቢውን ተጠያቂ ማድረግ አይችልም። በራሳቸው ልዩ ደንብ የሚተዳደሩ ቦታዎች፣ ለምሳሌ አንዳንድ አየር ማረፊያዎችና ባቡር ጣቢያዎች፣ ከዚህ ሕግ ውጭ ናቸው። ታክሲ የምትነዱ ወንድሞችና እኅቶች ይህን ልብ በሉ።

3️⃣ «እኔ ነኝ ያቆምኩት» ብላችሁ አትጀምሩ። በግል መሬት ሾፌሩ ማን እንደነበረ ለኩባንያው የመንገር ግዴታ የለባችሁም። «የመኪናው ተመዝጋቢ እንደመሆኔ ይህን ጥያቄ እቃወማለሁ» ብላችሁ ጻፉ። ውሸት አትጻፉ። ያልተጠየቃችሁትን አለመናገር ግን ውሸት አይደለም። እኛ ግን «ይቅርታ፣ ቸኩዬ ነው ያቆምኩት» ብለን በትሕትና ስንጀምር ክርክሩን ሳንጀምር እንጨርሰዋለን።

4️⃣ ወደ ቦታው ተመለሱና ፎቶ አንሡ። ማስታወቂያው የት ነው? ስንት ነው? ማታ ይታያል? ክፍያው የተጻፈበት ፊደል ከመኪና ውስጥ ይነበባል? የቼልምስፎርዱን ፍርድ አስታውሱ፤ ያ ኩባንያ ያሸነፈው ግልጽ ማስታወቂያ ስለነበረው ጭምር ነው። የእናንተ ኩባንያ ከዛፍ ጀርባ የሰቀላት አንዲት ሰሌዳ ከሆነች ያ ፍርድ ለእናንተ ነው የሚሠራው።

5️⃣ የራሳቸውን ደንብ አንብቡላቸው። ሁለቱ ማኅበራት ከጥቅምት 2024 ጀምሮ አንድ የጋራ የሥነ ምግባር ደንብ አላቸው። በደንቡ የከፈላችሁበት ወይም የተፈቀደላችሁ ጊዜ ካለቀ በኋላ የ10 ደቂቃ መታገሻ አለ። ታርጋ ሲጻፍ ለተሳተ ፊደልም እንደ ስሕተቱ ክብደት ክፍያው እንዲሰረዝ ወይም ወደ 20 ፓውንድ እንዲወርድ የሚያደርግ አሠራር አለ። «የራሳችሁን ደንብ ጥሳችኋል» የሚል ደብዳቤ ከልመና ይበልጣል።

6️⃣ ባይቀበሉም አትቁሙ። ኩባንያው ሲከለክላችሁ ወደ ገለልተኛ ይግባኝ ሰሚ የሚወስድ መንገድ መንገር አለበት። የአንደኛው ማኅበር አባላት ወደ ፖፕላ፣ የሌላኛው ወደ አይኤኤስ ይልካሉ። ፖፕላ ለሾፌሩ ነፃ ነው። ለእናንተ ከወሰነ ኩባንያው ይገደዳል፤ ለኩባንያው ከወሰነ ግን እናንተን አያስገድድም፣ ክሱ ፍርድ ቤት ሲመጣ መከራከር ትችላላችሁ። የይግባኙን ቀን ገደብና የቅናሹን ሁኔታ ደብዳቤው ላይ አንብቡ፤ ሳያነቡ ማሳለፍ የኩባንያው ሁለተኛ ደመወዝ ነው።

🔹 እውነተኛው አደጋ የት ነው?

ከይግባኙ በኋላ ወይም ዝም ካላችሁ ቀይ ደብዳቤዎች ይጀምራሉ። የዕዳ ሰብሳቢ ድርጅት ስም ይኖራቸዋል፤ በተለምዶ እስከ 70 ፓውንድ ይጨምራሉ። እነዚህ ሰዎች የፍርድ አስፈጻሚዎች አይደሉም። ፍርድ በሌለበት ቤታችሁ ገብተው ዕቃ የመውሰድ ሥልጣን የላቸውም። ብዙ ሰው ተሸብሮ የሚከፍለው እዚህ ላይ ነው፤ ግን ይህ ገና ጩኸት ነው።

ጩኸት ያልሆነው ቀጥሎ ያለው ነው። «ሌተር ቢፎር ክሌም» የሚል ሲመጣ 30 ቀን አላችሁ፤ መልስ ስጡ። ከዚያ ከፍርድ ቤት መጥሪያ ከመጣ አይጣልም፣ አይዘገይም። በ14 ቀን ውስጥ መጥሪያው መድረሱን አሳውቁ፤ ያን ጊዜ የመከላከያ መልስ ለማቅረብ በአጠቃላይ 28 ቀን ይኖራችኋል። ክርክሩ በትንንሽ ክሶች መዝገብ ነው የሚታየው፤ ጠበቃ ግዴታ አይደለም። ከግንቦት 2024 ጀምሮም ከችሎቱ በፊት በስልክ የሚደረግ ነፃ ሽምግልና ግዴታ ሆኗል። ሽምግልና ደግሞ ማንም ሊያስተምረን አይችልም።

ተከራክራችሁ ብትሸነፉ የሚጣልባችሁ በተለምዶ ዋናው ገንዘብ፣ የተወሰነ የፍርድ ቤት ወጪና ወለድ ነው። ያንን በአንድ ወር ውስጥ ከከፈላችሁ ስማችሁ በፍርድ መዝገብ ላይ አይቀርም። ተከራክሮ መሸነፍ ቤት አያፈርስም።

ቤት የሚያፈርሰው በሌላችሁበት የሚሰጥ ፍርድ ነው። መልስ ካልሰጣችሁ ፍርድ ቤቱ ለኩባንያው ይፈርዳል፤ «ሲሲጄ» የሚባለው ይህ ነው። በወሩ ካልተከፈለ 6 ዓመት ስማችሁ ላይ ይቆያል። ቤት ስትከራዩ፣ የቤት ብድር ስትጠይቁ፣ አንዳንዴም ሥራ ስትፈልጉ ይወጣል። 60 ፓውንድ የነበረው ነገር የቤት ሕልማችሁን 6 ዓመት ይገፋል።

ከሁሉ የሚያሳዝነው ደግሞ ደብዳቤውን ጭራሽ ያላየው ሰው ነው። እኛ ቤት ብዙ እንቀያይራለን፤ ከክፍል ወደ ክፍል፣ ከከተማ ወደ ከተማ። ሊብሬው ላይ ያለው አድራሻ ግን የድሮው እንደሆነ ይቀራል። ደብዳቤው ወደዚያ ይሄዳል፣ መጥሪያው ወደዚያ ይሄዳል፣ ፍርዱም ወደዚያ ይሄዳል። ሰውየው የሚያውቀው ከዓመት በኋላ አከራይ «አይሆንም» ሲለው ነው። ያንን ፍርድ ለማስነሣት የሚከፈለው የማመልከቻ ክፍያ ብቻ 300 ፓውንድ ገደማ ነው። የዲቪኤልኤን አድራሻ መቀየር ግን በነፃ ነው፤ አለመቀየር ደግሞ እስከ 1,000 ፓውንድ ያስቀጣል። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትወስዱ ከሆነ ዛሬ ሊብሬያችሁን አውጥታችሁ አድራሻውን እዩ።

🔹 «ታዲያ ማንም አይክፈል ነው የምትለው?»

አይደለም። ማስታወቂያውን አይታችሁ፣ ገብቷችሁ፣ የአካል ጉዳተኛ ቦታ ላይ ያቆማችሁ ከሆነ ኩባንያው ባይኖርም ጥፋተኞች ናችሁ። በቅናሹ ቀን ከፍላችሁ ዝጉት። የግቢው ባለቤት መብት አለው። ቤተ ክርስቲያናችን ደጃፍ ላይ እንግዳ ሰው ቀኑን ሙሉ ቢያቆምብን እኛም እንጮሃለን። ሙግት የሚያምረው እውነት ሲኖረው ነው፤ የማይገባንን በክርክር ብዛት ለማስቀረት መሞከር የሌላውን እውነተኛ ቅሬታ ያረክሳል።

የምቃወመው ዳኛውም፣ ከሳሹም፣ ገንዘብ ተቀባዩም አንድ ኩባንያ የሆነበትን ሥርዓት ነው። ይህን የምለው እኔ ብቻ አይደለሁም። ፓርላማው በ2019 የፓርኪንግ የሥነ ምግባር ደንብ አዋጅ ሲያወጣ የሁሉም ፓርቲ አባላት ደግፈውታል። በየካቲት 2022 መንግሥት በአዋጁ መሠረት ደንብ አወጣ፤ አብዛኛውን ክፍያ ወደ 50 ፓውንድ የሚያወርድ፣ የዕዳ ሰብሳቢዎቹን ተጨማሪ ክፍያም የሚከለክል ነበር። ኩባንያዎቹ ፍርድ ቤት ሄዱ። መንግሥት በዚያው ዓመት ሰኔ ደንቡን አነሣው። በሐምሌ 2025 እንደገና የሕዝብ ምክክር ተከፈተ። በዚያ መሐል ኩባንያዎቹ የራሳቸውን ደንብ ራሳቸው ጻፉ። ቀበሮ የበግ እረኝነት ደንብ ስትጽፍ መልካም አንቀጽ አይጠፋበትም፤ ግን የጻፈችው ቀበሮ ናት።

እነርሱ 100 ፓውንዳቸውን ለማስጠበቅ መንግሥትን ፍርድ ቤት ሲያቆሙ አላፈሩም፣ አልፈሩም። እኛ ለራሳችን 100 ፓውንድ አንድ ደብዳቤ መጻፍ ይከብደናል።

🔹 ብቻችንን አንሁን

ለንደን፣ በርሚንግሃም፣ ማንችስተር፣ ሊድስ የሐበሻ ማኅበራት አሉ። ቤተ ክርስቲያናት፣ መስጊዶች፣ ዕቁቦችና ዕድሮች አሉ። በእያንዳንዱ ውስጥ እንግሊዝኛ እንደ ውኃ የሚጠጡ፣ ዩኒቨርሲቲ የጨረሱ ልጆች አሉ። ከቅዳሴ ወይም ከጁምዓ በኋላ በወር አንድ ጊዜ፣ ለአንድ ሰዓት፣ አንድ ጠረጴዛ ይቀመጥ። ሰው ደብዳቤውን ይዞ ይምጣ። አንዱ ያነብለታል፣ ሌላው ቀኑን ይቆጥርለታል፣ ሌላው መልሱን አብሮት ይጽፋል። ከአቅም በላይ የሆነውን ወደ ሲቲዝንስ አድቫይስ ይላኩት፤ ምክሩ ነፃ ነው። ለሠርግ ድንኳን የምንደራጅ ሕዝብ ለደብዳቤ መደራጀት አያቅተንም።

አዳራሽ የምታከራዩና ምግብ ቤት ያላችሁም ድርሻ አላችሁ። ደንበኛችሁ የሚያቆመው እናንተ በምትከራዩት ግቢ ነው። «ታርጋችሁን እዚህ አስገቡ» የሚል በአማርኛና በትግርኛ የተጻፈ ወረቀት በር ላይ መለጠፍ ምን ያስከፍላል? ክትፎ አብልታችሁ የ100 ፓውንድ ደብዳቤ የምታስከትሉበት እንግዳ ሁለተኛ አይመለስም።

የየአካባቢያችሁን የፓርላማ ተወካይም አትርሱት። ለመምረጥ ዜግነት ላልደረሳችሁም ተወካዩ ተወካያችሁ ነው። «የ2019ኙ አዋጅ በሥራ ላይ ይዋል» የሚል ሦስት መስመር ኢሜይል በቂ ነው።

ደብዳቤው ዛሬ ወይም ነገ ይመጣል። ሲመጣ አትደንግጡ፣ አትናቁት። ራስጌውን አንብቡ፣ ቀኑን ጻፉ፣ ፎቶውን አስቀምጡ፣ መልሱን በቀኑ ላኩ። ባትችሉ የሚችል ጥሩ። የጠየቀን ንጉሥ አይደለም፤ ውል አለኝ የሚል ነጋዴ ነው። ነጋዴን ደግሞ «ተጠየቅ!» ማለት እናውቅበታለን።

👉 ይህን ጽሑፍ መኪና ለሚነዳ አንድ ዘመዳችሁ አድርሱለት፤ በተለይ በቅርቡ ቤት ለቀየረ።